በድንገት ለታመመ ሰው ፈጥኖ ስለ መድረስ ለክርስቲያን የተሰጠ ምክር



ይህች ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈችበት ምክንያት ይህ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው የሚሞተው መድኃኒት ፈጽሞ ስለ ታጣ ብቻ አይደለም፤ መድኃኒቱ ወዳለበት ስፍራ ዘግይቶ ስለሚደርስም ነው። ታማሚው በቃሬዛ ወይም በመኪና ተጭኖ ከሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርስ፥ ሐኪሙ መርምሮ ራሱን ይነቀንቅና «ምነው ትናንት ባመጣችሁት» ይላል። ከዚህ ቃል የበለጠ የሚያሳዝን ምን ቃል አለ? ትናንት ታማሚው በቤቱ ነበረ፤ የሚወድዱትም በዙሪያው ተቀምጠው ነበር። ፍቅር አልጐደለም፤ የጐደለው ጊዜን ማወቅ ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው የመከሩን ስለዚህ ነው፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብለውም የተሳለቁት በዘገየ ሰው ነው።

ስለዚህ ድንገተኛ ሕመም በቤትህ ሲነሣ መቼ መጠበቅ፥ መቼም ፈጥኖ መነሣት እንደሚገባህ ለይተህ ታውቅ ዘንድ፥ ማንበብ ለማይችለው ጎረቤትህም ታስረዳ ዘንድ፥ ይህን ምክር በትዕግሥት አንብብ። ጽሑፉ ሐኪምን አይተካም፤ ወደ ሐኪም የሚወስደውን መንገድ ያመለክታል እንጂ።

1ኛ. ሕይወት አደራ ስለ መሆኑ

ሰው ሕይወቱን በገንዘቡ አልገዛትም፥ በጉልበቱም አላገኛትም። ከፈጣሪው የተቀበላት አደራ ናት። የባልንጀራህን በሬ አደራ ብትቀበል ከገደል አፋፍ አርቀህ ትጠብቀዋለህ፤ ቢታመምም ለባለቤቱ ሳትዘገይ ትነግራለህ። ታዲያ የሚስትህ፥ የልጅህ፥ የእናትህና የራስህ ሕይወት ከበሬ ያነሰ አደራ ነውን?

ጌታችን ከፈሪሳዊ ቤት በማዕድ ተቀምጦ ሳለ ሆዱ በውኃ የተነፋውን ሰው በሰንበት ቀን ፈወሰ። ከዚያም በሬው በጕድጓድ የወደቀበት ሰው ሰንበት ነው ብሎ ሳያወጣው ይቀር እንደ ሆነ ጠየቃቸው፤ የሚመልስለትም ጠፋ። ከጥያቄው የምንማረው ነገር አለ። በሬ ከጕድጓድ ሲወድቅ ሰው ሁሉ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያውቃል፤ ምክር አይጠራም፥ እስከ ነገም አይቀጥርም፥ በዚያው ሰዓት ያወጣዋል። ሰው ሲወድቅ ግን ምክር እናበዛለን።

ሐዋርያው ጳውሎስ በጢሮአዳ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር ኤውጤኪስ የሚባል ጐበዝ በመስኮት ተቀምጦ አንቀላፋና ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ጳውሎስ በዚያች ሰዓት ያደረገውን ልብ በል። «ትምህርቱን ልጨርስ» አላለም፤ ስብከቱን አቋርጦ ወረደ። ስብከቱ የቀጠለው ጐበዙ ሕያው ከሆነ በኋላ ነው። በጉባኤ መካከል ሰው ቢወድቅ መዝሙር ማቆም፥ ስብከት ማቋረጥ እግዚአብሔርን መድፈር አይደለም። ያን ጊዜ መውረድ ራሱ የአምልኮ ሥራ ነው።

2ኛ. «እምነት ያለው ሰው ሐኪም አይሻም» ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ከወንድሞቻችን መካከል «ጸሎት ይበቃል፤ ወደ ሐኪም መሄድ ግን የእምነት ጕድለት ነው» የሚሉ አሉ። ለክብረ እግዚአብሔር በመቅናት ይህን ስለሚሉ ልንዘልፋቸው አይገባም፤ ነገር ግን መጻሕፍትን አብረን እንመርምር።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ጸሎቱን ሰማ፥ በዕድሜውም ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። ከዚያ ወዲያ ነቢዩ ኢሳይያስ ምን አዘዘ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። እንግዲህ ጸሎቱ ከተሰማ በኋላ መድኃኒቱ አልቀረም፤ በጸሎቱ የተሰጠው ፈውስ በመድኃኒቱ በኩል መጣ። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስም ባለመድኃኒት ነበረ፤ ጳውሎስም የተወደደ ብሎ ጠራው እንጂ «ሥራህን ተው» አላለውም።

ነገር ግን «ንጉሥ አሳ እግሩን በታመመ ጊዜ ባለመድኃኒቶችን ስለ ፈለገ ተወቅሶ የለምን?» ትለኝ ይሆናል። መልካም ጠየቅህ። አሳ የተወቀሰው ወደ ባለመድኃኒት ስለ ሄደ አይደለም፤ እግዚአብሔርን ትቶ ስለ ሄደ ነው። ጥፋቱ ከሁለቱ አንዱን መጣሉ ነው። እርሱ ጸሎትን ትቶ መድኃኒትን እንደ ያዘ፥ ዛሬም መድኃኒትን ጥሎ «ጸሎትን ያዝሁ» የሚል ሰው ይገኛል።

ዲያብሎስም ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ አቁሞ «ራስህን ወርውር፥ መላእክት ይሸከሙሃል» ባለው ጊዜ፥ ጌታችን ጌታ አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ተናገረ። ደረጃው ተሠርቶ ሳለ ከጫፍ መዝለል እምነት አይደለም። እንዲሁም ሐኪም ቤቱ በአቅራቢያህ ሳለ፥ እግዚአብሔርም ጥበቡን ለሰው ሰጥቶ ሳለ፥ ታማሚን በቤት አስተኝቶ ተአምር መጠባበቅ ደረጃውን ትቶ እንደ መዝለል ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጸልይ፤ በመንገድም ሳለህ ጸልይ። ጸሎት ቀንና ሌሊት፥ በመኪና ውስጥና በሐኪም ቤት ደጃፍ ይቻላልና፥ ቁጭ ብለህ የምታጠፋው ሰዓት አያስፈልገውም። ሐኪም ያዘዘውን የስኳር፥ የደም ግፊት፥ የሚጥል በሽታ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒት «ተፈውሰሃልና ጣለው» የሚልህ ሰው ቢነሣ፥ በትሕትና «ተፈውሼ እንደ ሆነ ሐኪሙ መርምሮ ይመስክር» በለው። ጌታችንም ለምጻሙን ካነጻው በኋላ ራሱን ለካህን እንዲያሳይ ልኮታል። እውነተኛ ፈውስ ምርመራን አይፈራም።

3ኛ. ድንገተኛውን ሕመም ስለ መመርመር

ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም። ለጕንፋን ሁሉ ወደ ሆስፒታል የሚሮጥ ሰው ገንዘቡንም የሐኪሙንም ጊዜ ያባክናል፤ በእውነት የሚያጣጥረው ሰው ከበስተኋላው ተሰልፎ ይጠብቃልና። ስለዚህ ሕመም ሲነሣ ሳትደነግጥ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ራስህን ጠይቅ።

መጀመሪያ፥ ሕመሙ በድንገት መጣን? ቀስ እያለ ከመጣ ሕመም ይልቅ እንደ መብረቅ የወረደ ሕመም ያስፈራል።

ሁለተኛ፥ እየጨመረ ይሄዳልን? ከጧት ይልቅ ቀትር፥ ከቀትርም ይልቅ ማታ የሚብስ ሕመም በራሱ ይቆማል ብለህ አትጠብቅ።

ሦስተኛ፥ ትንፋሽን፥ ደምን ወይም አእምሮን ይነካልን? ትንፋሹ የሚያጥረው፥ ደሙ የማይቆምለት፥ ወይም ሰው መለየት የተሳነው ታማሚ ጊዜ የለውም።

አራተኛ፥ ታማሚው ከደካሞች ወገን ነውን? ሕፃን፥ ነፍሰ ጡርና አራስ፥ ሽማግሌና አሮጊት፥ የስኳር ወይም የልብ በሽታ ያለበት ሰው ከሌላው ፈጥኖ ይደክማል። ለብርቱ ጐልማሳ አንድ ቀን መጠበቅ የሚቻልበት ነገር ለሕፃን አንድ ሰዓት ላይቻል ይችላል።

ከእነዚህ አንዱን «አዎን» ብለህ ከመለስህ በዚያው ቀን ሐኪም አማክር። ሁለቱን «አዎን» ካልህ፥ ወይም ሦስተኛውን ብቻ እንኳ «አዎን» ካልህ፥ በዚያው ሰዓት ተነሣ።

4ኛ. መዘግየት የማይገባባቸው ምልክቶች

ሀ. ፊት ቢጣመም፥ እጅ ቢዝል፥ ምላስ ቢተሳሰር። ይህ ስትሮክ የሚባለው ነው፤ ወደ አንጎል የሚሄደው የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ታማሚውን ፈገግ እንዲል እዘዘው፤ የአፉ አንድ ወገን ወደ ታች ይወርዳልን? ሁለት እጆቹን ወደ ፊት አንሥቶ እንዲይዝ እዘዘው፤ አንዱ ይወድቃልን? አንድ አጭር ነገር እንዲናገር እዘዘው፤ ይኰላተፋልን? ከሦስቱ አንዱ ብቻ ቢታይ ተነሣ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚጠቅመው ሕመሙ ከጀመረ እስከ 4 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ያም የአንጎል ምስል ተነሥቶ ደም አለመፍሰሱ ከታየ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በሁሉ ስፍራ ባይገኝም፥ ፈጥኖ የደረሰ ታማሚ በሌላው እንክብካቤ ደግሞ ይጠቀማል። ስለዚህ ታማሚው በደኅና የታየበትን የመጨረሻ ሰዓት አስታውስ፤ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቅህ ይህን ነው። መዋጥ ሊሳነው ስለሚችል ምግብና ውኃ አትስጠው፤ የጎረቤትን የግፊት መድኃኒትም አታውጠው። ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋ እንኳ የሚመጣው ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና ሂድ።

ለ. ደረት ቢጨነቅ። ድንጋይ የተጫነበት ያህል የሚጨንቅ፥ ወደ ግራ ክንድ፥ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፥ ከቀዝቃዛ ላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የደረት ሕመም የልብ የደም ሥር መዘጋት ሊሆን ይችላል። በሴቶች፥ በሽማግሌዎችና የስኳር በሽታ ባለባቸው ሰዎች ግን ደረትን ሳያም በድካም፥ በማቅለሽለሽና በትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊመጣ ይችላል። «ጨጓራዬ ነው» ብሎ የተኛ ብዙ ነው። ታማሚው ደረጃ አይውጣ፥ በእግሩም አይሂድ፤ ራሱም መኪና አይንዳ።

ሐ. ሕፃን ትንፋሹ ቢፈጥን። እናት ሆይ፥ ልጅሽ ሲያስለው ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እዪ። ሳያለቅስ ጸጥ ባለ ጊዜ ሰዓት ይዘሽ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ ቍጠሪ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60ና ከዚያ በላይ፥ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ለሆነ 50ና ከዚያ በላይ፥ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ለሆነ 40ና ከዚያ በላይ ቢሆን የሳንባ ምች ሊሆን ይችላልና ሳትዘገዪ ውሰጂው። ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ከሆነ ይበልጥ ያስፈራል። በማንኛውም ሕመም ደግሞ ሕፃን መጥባት ወይም መጠጣት ቢያቅተው፥ የወሰደውን ሁሉ ቢያስመልሰው፥ ቢንዘፈዘፍ፥ ወይም ፈዝዞ መንቃት ቢሳነው፥ ሌሊት ቢሆንም ሂጂ።

መ. ተቅማጥና ትውከት ሲበዛ። ሕፃን በተቅማጥ የሚሞተው ብዙ ጊዜ የሰውነቱ ውኃና ጨው ስላለቀ ነው። ዐይኑ ቢጐደጕድ፥ የሆዱ ቆዳ ሲቈነጠጥ ቀስ ብሎ ቢመለስ፥ እንባው ቢደርቅ፥ ሽንቱ ቢያንስ፥ በሰገራውም ደም ቢታይ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። እስክትደርሺ ድረስ ጡት አትከልክዪው፤ ከጤና ኬላ የሚሰጠውን ኦ አር ኤስ አጠጪው። እርሱ ቢታጣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ በጥቂት በጥቂቱ ስጪው። «ግግ ነው» እያሉ ድድ መፈልፈልና እንጥል መቍረጥ ግን ተቅማጥን አያቆምም፤ ደም ያፈስሳል፥ ቍስልም ያመጣል።

ሠ. በእርግዝና፥ በምጥና በአራስነት። ነፍሰ ጡር ሴት ደም ቢፈስሳት፥ ብርቱ ራስ ምታት ከዐይን ብዥታ ጋር ቢመጣባት፥ ፊቷና እጅዋ ቢያብጥ፥ ብትንዘፈዘፍ፥ ብርቱ ትኩሳት ቢይዛት፥ ወይም የሽሉ እንቅስቃሴ ቢቀንስ አትጠብቅ። ምጡም ከ12 ሰዓት በላይ ከቈየ «የመጀመሪያ ልጅ ነው፥ ይዘገያል» ማለት ይብቃ። የማይሄድ ምጥ ሽሉን ይገድላል፤ እናቲቱ ብትተርፍ እንኳ ፊስቱላ የሚባለውን ጕዳት ሊያመጣባት ይችላል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካተሪን ሃምሊን በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በአዲስ አበባ ልዩ ሆስፒታል ያቆሙት በዚህ መዘግየት ምክንያት ለተጐዱት ሴቶች ነው። በዚያ የታከሙት ሴቶች ሁሉ፥ ሰው ፈጥኖ ቢነሣላቸው ኖሮ ሊቀር የሚችል መከራ ምን ያህል እንደ ሆነ ምስክሮች ናቸው። ከወሊድም በኋላ የማይቆም ደም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል።

ረ. ሆድ ሲቈርጥ። በእምብርት ዙሪያ ጀምሮ ወደ ቀኙ ታችኛ ሆድ የሚወርድ፥ ሲነኩት የሚያም፥ ትኩሳትና ትውከት ያለበት ቍርጠት የትርፍ አንጀት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሆዱ እንደ ሳንቃ የደረቀ፥ ወይም ጋዝና ሰገራ ፈጽሞ የተዘጋበት ሰውም እንዲሁ ፈጥኖ ይሂድ። ለእንዲህ ያለ ሕመም ኮሶና የሚያስቀምጥ መድኃኒት ማጠጣት፥ ሆድንም ማሸት እጅግ አደገኛ ነው።

ሰ. ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ጋር ቢመጣ። ብርቱ ራስ ምታት፥ አንገት ማጐንበስ አለመቻልና ብርሃን መሸሽ የማጅራት ገትር ምልክት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ወባ ካለበት ቈላ የተመለሰ ሰው ደግሞ ትኩሳት ከያዘው በ24 ሰዓት ውስጥ ደሙን ይመርመር፤ ብርቱው የወባ ዐይነት ካልታከመ በዚያች አጭር ጊዜ ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል።

ሸ. ውሻ ቢነክስ፥ እባብ ቢነድፍ፥ መርዝ ቢጠጣ፥ እሳት ቢያቃጥል። ያበደ መሆኑ የተጠረጠረ ውሻ የነከሰውን ስፍራ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠብ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ለክትባት ሂድ። በ1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ውሻ የነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ጀምሮ የዚህ በሽታ መከላከያ ለዓለም ተገልጧል። ነገር ግን ታማሚው ውኃ መፍራት ከጀመረ በኋላ የሚያድነው የለም ማለት ይቻላል። ቍስሉ ትንሽ ነው፥ ውሻው የጎረቤት ነው ብለህ አትታለል። እባብ ለነደፈው ሰው ቍስሉን አትብጣ፥ በአፍህ አትምጠጥ፥ አጥብቀህም አትሰር፤ ቀለበቱን አውጥተህ፥ ሰውነቱን ሳታንቀሳቅስ ተሸክመህ ውሰደው። መርዝ የጠጣውን በግድ አታስመልሰው፤ የጠጣበትን ዕቃ ይዘህ ሂድ። ቃጠሎን በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ አቀዝቅዝ፤ ቅቤ፥ ቡናና የጥርስ ሳሙና አትቀባው።

ቀ. የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው። ክብሪት አጭሰህ አታሽትተው፤ በአፉም ማንኪያ አታግባ። ሹል ነገር ከአጠገቡ አርቀህ በጎኑ አስተኛው፥ ሰዓትም ተመልከት። ከ5 ደቂቃ በላይ ቢቈይ፥ ሳይነቃ ደግሞ ቢጥለው፥ የመጀመሪያው ቢሆን ወይም ነፍሰ ጡር ብትሆን ፈጥነህ ውሰድ።

5ኛ. መጠበቅ ስለሚቻልበት ጊዜ

የሚበላ፥ የሚጠጣ፥ የሚነጋገር፥ ትንፋሹም ጤነኛ የሆነ ሰው ጕንፋን፥ ቀላል ራስ ምታት ወይም የድካም ስሜት ቢኖረው በቤቱ ሊያርፍ ይችላል። ነገር ግን ያለ ቀጠሮ መጠበቅ መጠበቅ አይደለም፥ መርሳት ነው። «ነገ እስከዚህ ሰዓት ካልተሻለው፥ ወይም ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ምልክት ከታየ እሄዳለሁ» ብለህ ወስን፤ ውሳኔህንም ለሌላ ሰው ንገር፥ አንተ ብትደክም እርሱ ያስታውስህ ዘንድ። በዚህ መካከል ከቀድሞ ሕመም የተረፈ ኪኒን፥ ከሱቅም በግምት የተገዛ መድኃኒት አትውሰድ፤ ሕመሙን ሸሽጎ ሐኪሙን ያሳስታልና።

6ኛ. ስለሚያዘገዩን ነገሮች

በ1994 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ታዴዎስና ሜይን የሚባሉ ሁለት መርማሪዎች እናቶች በወሊድ ስለሚሞቱበት ምክንያት ጽፈው ሦስት መዘግየቶችን ለዩ። አንደኛው ለመሄድ እስኪወስኑ ድረስ በቤት የሚጠፋው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው በመንገድ የሚጠፋው ነው፤ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር የሚጠፋው ነው። መንገዱን ለመጥረግ፥ ሐኪም ቤቱንም ለማደራጀት የብዙ ሰው ሥራ ያስፈልጋል። አንደኛው መዘግየት ግን በእኛ እጅ ነው። እርሱን የሚያመጡት ምንድር ናቸው?

አንደኛው ስም ማውጣት ነው። በድንገት ለወደቀው «መጋኛ መታው» እንላለን፤ ለቍርጠቱ «ቡዳ በላው»፥ ለትኩሳቱ «ምች ነው» እንላለን። ስም ከተገኘ በኋላ ሁሉ ይረጋጋል፤ ዳማከሴ ይታሻል፥ አዋቂ ይጠራል፥ ሌሊቱም ያልፋል። ወዳጄ ሆይ፥ ለሕመሙ የሰጠኸው ስም ምንም ይሁን፥ የተጣመመው ፊትና ያጠረው ትንፋሽ የሐኪምን እርዳታ ይሻሉ። ክርስቲያን ከጌታው የሚበልጥ ክፉ መንፈስ እንደሌለ ያምናልና፥ በመንፈስ ፍርሃት ታስሮ ሊቀመጥ አይገባውም።

ሁለተኛው ኀፍረት ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሴት ልጅ የደም መፍሰሷን፥ ወንድ የሽንቱን መዘጋት፥ ወጣት መርዝ መጠጣቱን በኀፍረት ይሸሽጋሉ። በተለይ ራሱን ሊያጠፋ የሞከረውን ሰው ቤተ ሰቡ ስሙ እንዳይጠፋ ብለው በጓዳ ይሸሽጉታል፤ ስሙን ሊያድኑ ነፍሱን ያጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ሳትዘልፍ፥ ሳትጠይቅም ተሸክመህ ውሰደው፤ ወቀሳም ምክርም በሕይወት ላለ ሰው ነው።

ሦስተኛው ፈቃድ መጠበቅ ነው። የምታምጥ ሴት ተኝታ ሳለ «ባልዋ ከገበያ ይምጣ፥ አማቷ ይስማሙ» ይባላል። አባወራ ሆይ፥ ዛሬ በጤናህ ሳለህ ለቤተ ሰብህ «እኔ ባልኖርም እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሳትጠይቁኝ ሂዱ» በል። ይህን ቃል አስቀድሞ የተናገረ ሰው ቤቱን በእውነት መርቷል።

አራተኛው ገንዘብ ነው። ድኻ ሰው ገንዘብን ማሰቡ ነውር አይደለም። ነገር ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የተወሰነ መሆኑን ብዙዎች አያውቁም፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የተቋቋመው ሰው በደኅና ቀኑ በሚከፍለው ጥቂት መዋጮ በክፉ ቀን እንዲታከም ነው። ደግሞም ሒሳቡን በትክክል አስብ፤ ለለቅሶ ድንኳንና ለተዝካር ገንዘብ ሳይታጣ ለሕክምና ታጣ ማለት እንዴት ይሆናል?

7ኛ. ስለ ባልንጀራ

አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው ወደ ጌታችን ባመጡት ጊዜ ሕዝቡ ደጁን ሞልቶ ነበር። እነርሱ ግን «ነገ እንመለስ» አላሉም፤ ጣራውን አፍርሰው አወረዱት። ወንጌል የሽባውን ብቻ ሳይሆን የተሸካሚዎቹን እምነት ይመሰክራል። እምነታቸው በትከሻቸው ታየ።

አገራችን በዚህ ነገር ድኻ አይደለችም። በየሰፈሩ ዕድር አለ፤ ጥሩምባ ሲነፋ ሁሉ ይወጣል፥ ድንኳን ይተከላል፥ ሬሳ በክብር ይሸኛል። ይህ ታላቅ ፍቅር ነው። ነገር ግን እስኪ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ለሞተው የሚነፋው ጥሩምባ ለሚያጣጥረው ስለ ምን አይነፋም? ለቀብር የሚወጣው ትከሻ ሌሊት የምታምጠውን ሴት ለመሸከም ስለ ምን አይወጣም? ከዕድሩ ሣጥን ጥቂቱ ለሕይወት ቢመደብ፥ አንድ ቃሬዛና የአንድ ባለመኪና ስምምነት ቢዘጋጅ፥ ምናልባት ድንኳኑ የሚተከልበት ቀን ይቀንስ ነበር። በአንዳንድ የገጠር ስፍራ ሰዎች ታማሚን በተራ የሚሸከሙበት ማኅበር አቁመዋል፤ እኛ የከተማ ሰዎች ከእነርሱ ብንማር አያሳፍረንም።

ሳምራዊው ሰውም በመንገድ የወደቀውን ሲያይ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቍስሉን አሰረ፤ ነገር ግን በዚያ አላበቃም። በአህያው አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው፥ ሁለት ዲናርም ከፈለ፥ ከዚህ የበለጠ ቢያስፈልግ ሲመለስ ሊከፍል ቃል ሰጠ። የመጀመሪያ እርዳታ፥ መጓጓዣ፥ ገንዘብና ክትትል፥ አራቱም በአንድ ሰው ሥራ ተገኙ። ካህኑና ሌዋዊውም አይተውት ነበር። ማየት ሁሉ መድረስ አይደለም።

8ኛ. አስቀድሞ ስለ መዘጋጀት

ሕመም ቀጠሮ ሰጥቶ አይመጣም፤ ዝግጅት ግን በቀጠሮ ይሠራል። ዛሬ ማታ ከመተኛትህ በፊት ይህን አድርግ። ሌሊት የሚከፈተውን የቅርብ ሐኪም ቤት እወቅ። የአምቡላንስን፥ የአንድ ባለመኪናን፥ የጤና ጣቢያውንም የስልክ ቍጥር በወረቀት ጽፈህ በግድግዳ ላይ ለጥፍ፥ ልጆችም እንዲያነቡት። በቤትህ ያለ ሰው የሚወስደውን መድኃኒት፥ የማይስማማውንም መድኃኒት ስም ጻፍ። ጥቂት ገንዘብ ለይተህ አስቀምጥ፥ ለሌላ ነገርም አትንካው። የቀበሌህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተዋወቃት፤ በ2003 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በተጀመረው ሥራ እነዚህ እኅቶች በየቤቱ እየዞሩ የሚያስተምሩት ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

አሁንም፥ አንባቢ ሆይ፥ አንድ ነገር ልጨምር። ፈጥነህ ተነሥተህ፥ የሚቻልህን ሁሉ አድርገህ ሳለ የምትወድደው ሰው ቢያርፍ፥ ራስህን አትኰንን። ሕይወትና ሞት በእግዚአብሔር እጅ ናቸው፤ ከእኛ የሚፈለገው በአደራችን መታመን ነው። ከሐኪም ቤት ደርሰህ በሽታው ቀላል ሆኖ ቢገኝም አትፈር። በከንቱ የሄድህበትን መንገድ በሳቅ ታስታውሰዋለህ፤ ባለመሄድህ የመጣውን ኀዘን ግን ዕድሜህን ሁሉ ትሸከመዋለህ።

ሕይወትን የሰጠኸን አምላክ ሆይ፥ ጊዜን የሚያስተውል ልብ ስጠን። ፍርሃትንና ኀፍረትን ከቤታችን አርቅ። ለታመሙት የሚነሣ እግር፥ የሚሸከም ትከሻ፥ የማይሰስት እጅ ፍጠርልን። በሌሊት የሚተጉትን ሐኪሞችና አስታማሚዎች አበርታ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።